ጅቡቲ ጠልቄ በዚያው ቀን አራት ኪሎ መግባት ይቻላል?

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በታኅሣሥ ጅቡቲ ወርጄ ስኩባ (አየር በጀርባ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ልማር ነው። ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ማየት አለብኝ! ዋና የለመድኩት አምና ነው። አሁን 200 ሜትር እዋኛለሁ፣ ከዚያ የገንዳውን ጠርዝ አንቄ ይዤ አለከልካለሁ። እሑድ ጠዋት ጠልቄ ማታ በአውሮፕላን ብመለስስ? ሰኞ ሥራ አለብኝ።

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ፣ እንዳታደርገው! ስትጠልቅ ናይትሮጅን ሰውነትህ ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣህ ልክ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ይሠራል። እኔ 24 ሰዓት ሳይሞላ ንቅንቅ አልልም።

ጠያቂው፦ በባቡርስ ብመጣ?

መልስ፦ ያው ነው። ችግሩ አውሮፕላኑ ሳይሆን ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊትም ቢበዛ 2,400 ሜትር ላይ እንዳለህ ያህል ነው። አንተ ቤትህ ተኝተህም እየበረርክ ነው በለው። የመጨረሻዋን ቀን እዚያው ሻይ እየጠጣህ አሳልፋት።

ሌላ መልስ፦ ወሩን አውቀህበታል፤ ዌል ሻርክ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ግን የሚበላው ውሃው ላይ ላዩን ስለሆነ ለእሱ ማስክና መተንፈሻ ቱቦ ይበቃሃል። ደግሞ ጉንፋን ይዞህ እንዳትጠልቅ። እኔ ገና አራት ሜትር ሳልደርስ ጆሮዬን በመርፌ የወጉኝ ነው የመሰለኝ።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ሰኞን ፈቃድ ልጠይቅ። «ናይትሮጅን አለብኝ» ስለው አለቃዬ ምን እንደሚለኝ እንጃ።