ሳዞረው ጀርባ የለውም፦ የመጀመሪያ ዓመት የዲዛይን ተማሪዎችን ከምን ላስጀምር?

አዲሷ መምህርት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ኮሌጅ ውስጥ የመጀመሪያ ዓመት የዲዛይን ተማሪዎችን ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሞላኝ። 38 ልጆች ናቸው። እጃቸው ጎበዝ ነው። እርሳስ ከያዙ ብርሃንና ጥላውን አሳምረው ያወጡታል። የምቸገረው ወረቀቱን ትተን በእጅ ወደሚያዝ ነገር ስንሻገር ነው።

ባለፈው ሳምንት "አንድ ሰው የሚያስጠልል ትንሽ ቤት በካርቶን ሠርታችሁ ኑ" አልኳቸው። 31ዱ ሳጥን ይዘው መጡ። ፊት ለፊቱ ላይ በርና መስኮት በማርከር ተስሏል። የግድግዳውን ድንጋይ አንድ በአንድ የሳለም አለ። ሳዞረው ግን ጀርባው ላይ የብስኩት ካርቶኑ ጽሑፍ እንዳለ ነው። አንዷን ተማሪዬን "በዚህ በኩልስ?" አልኳት። "በዚያ በኩል አይታይም እኮ፣ ቲቸር" አለችኝ። ስታሾፍ አይደለም፣ ከልቧ ነው። ይህች መልስ ሌሊቱን ሙሉ ስታብሰለስለኝ አደረች።

እኔ ራሴ ቅርጽና መዋቅር የተማርኩት ከስላይድ ነው። መስመር፣ ገጽ፣ ይዘት እያልኩ ትርጉሙን ላስጽፋቸው እችላለሁ። ፈተናም ያልፋሉ። እሱን አልፈልግም። በቶሎ ስሪ ዲ ሶፍትዌር ላስጀምራቸው ብዬም አስቤ ነበር። የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ግን 9 ብቻ ናቸው። ለዕቃ መግዣ ያለኝም በጣም ትንሽ ነው። እናንተ ብትሆኑ ከምን ትጀምራላችሁ?

ባለካርቶኑ

እህቴ፣ ያቺ ልጅ እውነቷን ነው። 12 ዓመት ሙሉ የተማረችው ከሰሌዳና ከደብተር ነው። ሁለቱም ጠፍጣፋ ናቸው። አሁን ደግሞ ስልክ ተጨመረ። ዕቃ ማለት ለእሷ ከፊት ለፊት የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ አትቆጪያት።

እኔ ይህንኑ ኮርስ 26 ዓመት አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ምክሬ አንድ ነው፦ ከዓይናቸው በፊት እጃቸውን አስተምሪ። "ቤት" ብለሽ አትጀምሪ። ቤት፣ ወንበር፣ መኪና ስትያቸው ገና እጃቸው ሳይንቀሳቀስ የሚያውቁት ሥዕል ይመጣባቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ያንን ሥዕል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ስም የሌለው ነገር ስጫቸው። እርሳሱንም ሰብስቢ።

ለመጀመሪያው ቀን ከጉልት ዝንጅብል ግዢ። ትልልቁን፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣውን ምረጪ። እያንዳንዱን ጥቁር ፌስታል ውስጥ ክተቺው። ተማሪው አንድ እጁን አስገብቶ ይዳብሳል፣ ማየት ግን አይፈቀድም። በሌላው እጁ ጭቃ ይዞ የዳበሰውን ይሠራል። አንድ ሰዓት ተኩል ስጫቸው። መጀመሪያ ላይ ይንጫጫሉ፣ ይስቃሉ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያንን ጸጥታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ዝንጅብል የመረጥኩት ፊት ስለሌለው ነው። ከየትኛውም በኩል ብትይዢው "ዋናው ይህ ነው" የሚባል ጎን የለውም። ድንች ሞክሬ ነበር፣ ቶሎ ኳስ ያደርጉታል። በቆሎም አይሆንም። ጣታቸው እንደነካው ስሙን ይጠሩና ከቃላቸው ይሠሩታል። ዝንጅብልን በጠረኑ ቢያውቁትም ቅርጹን በቃሉ የሚያውቅ ሰው የለም። ሲጨርሱ ዝንጅብሎቹን በአንድ ጠረጴዛ፣ ጭቃዎቹን በሌላ ጠረጴዛ ደርድሪ። የትኛው ጭቃ የየትኛው ዝንጅብል እንደሆነ ይፈልጉ። እያገላበጡ ማየት የሚጀምሩት እዚያ ላይ ነው። ማንም "አዙሩት" ሳይላቸው ያዞሩታል።

ሁለተኛው ሳምንት የሽምብራና የስቴኪኒ ነው። ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፊው። ጠዋት ስቴኪኒው በቀላሉ ይገባል። ሲደርቅ ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ኮላ አያስፈልግም። በ12 ስቴኪኒና በ8 ሽምብራ ሳጥን ይሥሩ። በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይንጋደዳል። ቀጥለው በ6 ስቴኪኒና በ4 ሽምብራ ሁሉም ጎኑ ሦስት ማዕዘን የሆነ ፒራሚድ ይሥሩ። ያኛው ንቅንቅ አይልም። "ለምን?" ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። አራት ማዕዘን የጎኖቹ ርዝመት ሳይቀየር ሊዘም ይችላል። ሦስት ማዕዘን ግን አንዱ ጎኑ ካልተሰበረ ወይም ርዝመቱ ካልተለወጠ ቅርጹን አይለቅም። ይህን ከአንቺ ከሰሙት ይጽፉታል። በጣታቸው ከደረሱበት ግን አብሯቸው ይኖራል።

ሽምብራው ከእኔ የመጣ አይደለም። የመዋዕለ ሕፃናትን ትምህርት የጀመረው ጀርመናዊ ፍሪድሪክ ፍሮብል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለልጆች የተዘፈዘፈ አተርና ስንጥር ይሰጥ ነበር። አሜሪካዊው በክሚንስተር ፉለር እ.ኤ.አ. በ1899 መዋዕለ ሕፃናት ሳለ ይህንኑ አተር አገኘ። ራሱ እንደሚያወራው ዓይኑ በጣም ደካማ ነበር፣ ገና መነጽር አላደረገም። ሌሎቹ ልጆች የሚያዩትን ቤት እያሰቡ ሳጥን ሠሩ። እሱ ግን ቤቶቹን አጥርቶ አይቷቸው ስለማያውቅ በእጁ እየገፋ የሚጸናውን ፈለገ። ያገኘውም ሦስት ማዕዘኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የሞንትሪያል ኤክስፖ ላይ ለአሜሪካ የቆመውን ግዙፍ ሉል የመሰለ ጉልላት የሠራው ይኸው ሰው ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው፣ ግን ሽምብራውን ከጨረሱ በኋላ።

በሦስተኛው ሳምንት ወረቀት ስጫቸው። 80 ግራም የሚባለው ኤ ፎር ወረቀት አንዱ 5 ግራም ነው የሚመዝነው። ሁለት መጽሐፍ 20 ሳንቲ ሜትር አራርቀሽ ወረቀቱን በላያቸው አንጥፊው። እስክሪብቶ እንኳን ሲያርፍበት ይጎብጣል። እንደ አኮርዲዮን ሲያጣጥፉት ግን ስልክ ይሸከማል። ወረቀቱ አልከበደም፣ አልወፈረም። ቁመት ነው ያገኘው። መምህሩ ጆሴፍ አልበርስ ባውሃውስ በሚባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ተማሪዎቹን እንዲህ በወረቀት ያስጀምር ነበር። ከሚያደንቃቸው ሥራዎች አንዱ ጋዜጣውን በርዝመቱ አጥፎ እንዲሁ ያቆመው ተማሪ ሥራ ነበር።

ሶፍትዌሩ ይቆይ። ስክሪን ላይ ያለ ነገር አይወድቅም። ልጆቹ ግን መጀመሪያ ሲወድቅ ማየት አለባቸው።

ባለወርክሾፑ

እኔ መምህር አይደለሁም። አዳማ የቤት ዕቃ እሠራለሁ። ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆችን ስቀጥር የማየውን ልጻፍ። የሚያምር ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። "ይህ እግር ከዚህኛው ጋር በምን ይያያዛል?" ስላቸው ሥዕሉን መልሰው ያዩታል። ሥዕሉ ላይ የለማ!

ስለ ጀርባው ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከጀርባው ነው። ፊቱ ወደ ጠረጴዛው ተጠግቷል። እንግዳ በሩን ከፍቶ ሲገባ የሚቀበለው የወንበሩ ጀርባ ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ወንበር መንደፍ የምጀምረው ከኋላ ሆኗል።

አንድ የቤት ሥራ ልጨምርልሽ። የጅማ በርጩማ ፈልገሽ ክፍል ውስጥ አስገቢ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን፣ ባለ ሦስት እግሩን። ምስማር የለውም፣ መጋጠሚያ የለውም። ወለሉ ሸካራ ቢሆንም አይወዛወዝም፣ ሦስት እግር ሁልጊዜ መሬት ያገኛል። አራት እግር ካለው ወንበር ጎን አስቀምጪውና ድንጋያማ ቦታ ላይ ሁለቱንም ይቀመጡባቸው። ገልብጠውም ይዩት። ሆዱ ሥር የመጥረቢያውን መንገድ ያገኙታል።

ቀይ ሥር

ሰላም፣ አርክቴክቸር ጨርሼ ሁለት ዓመቴ ነው። ጋሽ ባለካርቶኑ ባሉት አብዛኛው እስማማለሁ። እርሳስ ይሰብሰብ በሚለው ግን አልስማማም። እኔን የጎዳኝ መሳል አልነበረም። ውስጡን ሳላይ መሳሌ ነው።

እኔ የገባኝ አንድ ቀን ቀይ ሥር ስቆርጥ ነው። ለሁለት ሰንጥቄ ወረቀት ላይ ጫን አደረግሁት። ቀለሙ የውስጡን ክብ ክብ መስመር ቁጭ አደረገው። ሴክሽን (ነገሩ ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል) ሲባል ሁለት ሴሚስተር ያልገባኝ ነገር እዚያ መክተፊያ ላይ ገባኝ። ካሮትም ሞክሪ። ቀጥ አድርገሽ ስትቆርጪው ክብ ይወጣል፣ ሰያፍ አድርገሽ ስትቆርጪው ሞላላ ይሆናል። አንድ ካሮት ነው፣ የሚሰጥሽ ቅርጽ ግን ቢላዋሽ እንደሄደበት ይለያያል። ተማሪዎቹ ከመቁረጣቸው በፊት የሚወጣውን ቅርጽ ገምተው ይሳሉት፣ ቀጥለው ይቁረጡና ያስተያዩ። እርሳሱ ለግምት ከሆነ አይጎዳም።

ሌላው፣ በመጨመር መሥራትና በመቀነስ መሥራት የተለያየ ጭንቅላት ይፈልጋል። የጋሼ ሽምብራ መጨመር ነው። ለመቀነስ የልብስ ሳሙና ስጫቸው፣ በቢላዋ ይፈልፍሉት። አንዴ የወጣ ተመልሶ አይገባም። ላሊበላ ስሄድ የደነገጥኩት በዚህ ነው። 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት የተፈለፈሉ ናቸው። ጠራቢው ገና ጣራው ላይ ቆሞ ወለሉ የት እንደሚያርፍ ማሰብ ነበረበት። ቤተ ጊዮርጊስ ስትደርሺ ደግሞ መጀመሪያ የሚታይሽ ጣራው ላይ ያለው መስቀል ነው። በሩን የምታገኚው ከወረድሽ በኋላ ነው። ፎቶውን ለዚያች ተማሪሽ አሳያት። የቱ ነው ፊቱ?

አዲሷ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ሞክሬ ነው የተመለስኩት።

ጋሼ፣ ዝንጅብሉን እንዳሉት አደረግሁት። እውነትም ጸጥ አሉ። 38ቱ ጭቃ ከ38ቱ ዝንጅብል ጋር ሲፈለግ ጠረጴዛው ዙሪያ ተጋፍተው፣ አንዱ ቁልቁል ገልብጦ፣ አንዱ ተንበርክኮ ከሥር እያየ ነበር። 22ቱ ጭቃ ትክክለኛ ዝንጅብሉ ተገኘለት። ያቺ ተማሪዬ የሠራችው ወዲያው ነው የታወቀላት። ስሟን ልጽፍ ምልክት ማድረጊያ ይዤ ስመጣ "ቲቸር፣ በየት በኩል ነው የሚጻፈው?" አለችኝ። እኔም ቦታ አጣሁለት። በመጨረሻ ወረቀት ቀደን ከሥሩ አደረግን።

ሽምብራው ላይ አንድ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። አንዳንዶቹ ከሁለት ቀን በላይ ዘፍዝፈውት በቀለ። የአንድ ሌሊቱ ነው ጥሩ። ቀይ ሥሩንም ሠርተናል፣ እርሳስ የፈቀድኩት ለግምቱ ብቻ ነው። በርጩማ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛችን ከቤታቸው አመጡልን። ለ35 ዓመት የተቀመጡበት ነው። ተማሪዎቹ ሲገለብጡት እሳቸውም አብረው ሥሩን አዩት፣ አይተውት አያውቁም ነበር።

ጥያቄ አለኝ፣ ጋሼ። ጭቃዎቹ ሲደርቁ ግማሾቹ ተሰነጠቁ። ቅርንጫፎቹ የሚጋጠሙበት ላይ ነው የሚብሰው። ምን ልቀላቅልበት?

ባለካርቶኑ

ተባረኪ። ጭቃው ብቻውን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀጭኑ ከወፍራሙ ቀድሞ ስለሚደርቅ መጋጠሚያው ላይ ይለያያል። ሸክላ ሠሪዎች የተሰበረ ገል ፈጭተው ይቀላቅላሉ። የተሰበረ ጀበና ካለሽ ወቅጠሽ በወንፊት ንፊውና ለአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ጨምሪ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አታስጪው። በፌስታል ሸፍነሽ ጥላ ውስጥ አራት አምስት ቀን አቆዪው። በየቀኑም እያዞርሽ አስቀምጪው፣ መሬት የነካው በኩል ዘግይቶ ነው የሚደርቀው።