ኦርኪዴን እንዴት ላድናት?

ኦርኪድ የምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። እህቴ ለልደቴ የሰጠችኝ ነጭ ፋላኖፕሲስ የተባለች የኦርኪድ አበባ ልትሞትብኝ ነው። እንደ ሌላ አበባ መስሎኝ አፈር ውስጥ ተከልኳት፣ በየቀኑም አጠጣኋት። ለካ በተፈጥሮዋ ዛፍ ላይ ተጣብቃ የምትኖር፣ ሥሯም አየር የሚፈልግ ናት! ትናንት ሳወጣት አብዛኛው ሥር በስብሷል። ጫን ሳደርገው ልጣጩ ተንሸራቶ ይወጣና እንደ ክር የቀጠነ ነገር ብቻ ይቀራል። ደህና የሆኑት ሦስት ናቸው፤ ሲደርቁ ብርማ፣ ውኃ ሲነካቸው አረንጓዴ ይሆናሉ። የታች ቅጠሎቿ ልፍስፍስ ብለዋል። መሃል ላይ ግን ጥፍር የምታክል አዲስ ቅጠል ብቅ ብላለች። እሷን ሳይ ተስፋ መቁረጥ አቃተኝ።

የበሰበሰውን ቆርጬ በዛፍ ቅርፊት ልተክላት ነው። የጥድ ቅርፊት ይሆናል? በስንት ቀን ላጠጣት? የአዲስ አበባ የኅዳር ብርድስ፣ መስኮት አጠገብ ብትሆን ይጎዳታል?