የመሃል ስፒከሬ ጆሮ ይበሳል፣ መላ በሉኝ

የሆጤው፦ ሰላም ጓዶች፣ ደሴ ነኝ። 5.1 ሆም ቴአትር (አምስት ስፒከርና አንድ የባስ ሳጥን) አለኝ። ሙዚቃ ላይ ማር ነው፤ ፊልም ላይ ግን ሰው ሲያወራ "ሰ" እና "ሸ" ጆሮዬን ይበሱታል፣ ድምፁን ስቀንሰው ደግሞ ንግግሩ አይሰማም። ንግግሩ የሚወጣበትን የመሃሉን ስፒከር ቡፌው ውስጥ ነው ያስገባሁት፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ፊት ለፊቱ የመስታወት ጠረጴዛ አለ። ተቃጥሎ ይሆን?

ፒያሳ ዳር፦ አብሽር። ቡፌ ውስጥ ከከተትከውማ ምን ያድርግ! ወደ ጠርዙ ሳበውና ከፊቱ ሥር የሆነ ነገር ሰክተህ ወደ ጆሮህ ቀና አድርገው፣ አሁን የሚያወራው ለጉልበትህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጋቢ ጣል አድርገህ ስማው፣ መስታወትና ሴራሚክ ቀጭኑን ድምፅ መልሰው ነው የሚወረውሩት።

ከኮምቦልቻ፦ ሙዚቃው ማር ነው ያልከው አያስተማምንም። በስቴሪዮ (በግራና በቀኝ ብቻ) ስትሰማ የመሃሉ ዝም ነው የሚለው። አምፑን (ስፒከሮቹ የሚሰኩበትን) አጥፋና የግራውን ስፒከር በመሃሉ ቦታ አስቀምጠህ በመሃሉ ገመድ አገናኘው። አሁንም ከበሳ ችግሩ ክፍሉ ወይም ሴቲንጉ ነው፤ ከጠፋ ስፒከሩ ራሱ ነው።

የሆጤው፦ ጋቢው ሠራ! እናቴ "ጠረጴዛው በረደው እንዴ?" አለችኝ እንጂ ግማሹ ጠፍቷል። ትንሽ ቀርቷል።

ከኮምቦልቻ፦ ቲቪው ላይ ንግግር የሚያጎላ ሴቲንግ ካለ አጥፋው፣ ከዚያ የመሃሉን ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንስ። ምንጣፍም ግዛ፣ የእናትህ ጋቢ ይመለስ።