የኤ ክላሪኔት የለኝም፣ ቪዮላም የለንም፤ የሞዛርትን ኩዊንቴት ምን እናድርገው?

የባንዲስቱ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ የወታደር ባንድ ውስጥ ክላሪኔት ይነፋ ነበር። እሱ ሲያርፍ መሣሪያው ለእኔ ቀረ። ቢ ፍላት ክላሪኔት ነው። ቀን ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ እነፋለሁ። ጎረቤቶቼ ለምደውኛል፤ እስካሁን ያልለመደኝ የታችኛው ግቢ ውሻ ብቻ ነው።

እሁድ እሁድ አምስት ሆነን እኔ ቤት እንሰበሰባለን። ሦስት ቫዮሊን፣ አንድ ቼሎ፣ አንድ እኔ። ባለፈው ወር የሞዛርትን የክላሪኔት ኩዊንቴት (ለክላሪኔት፣ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፈውን)፣ ኬ. 581ን፣ እንሞክር ተባለና ኖታውን ከኢንተርኔት አወረድን። ጣጣው የጀመረው ያኔ ነው።

የክላሪኔቱ ኖታ የተጻፈው ለኤ ክላሪኔት ነው። እኔ በመሣሪያዬ እንዳለ ስነፋው ከሌሎቹ ግማሽ ድምፅ ከፍ እላለሁ። መጀመሪያ ቀን ይህን ሳናውቅ ጀመርን። ቼሎ ተጫዋቻችን ቦውን አስቀምጦ «መሣሪያሽ ተሰብሯል እንዴ?» አለኝ።

ከቫዮሊን ተለቅ፣ ድምፁም ወፈር የሚለው ቪዮላም የለንም። ሦስተኛው ቫዮሊን ይሸፍናል ብለን ነበር። ግን ቫዮሊን ከጂ በታች አይወርድም፣ የቪዮላው ኖታ ደግሞ ይወርዳል። ልጁም የቪዮላውን ክሌፍ (ኖታው መነሻ ላይ ያለውን የድምፅ ቁልፍ ምልክት) ማንበብ አይችልም።

በዚህ ላይ ጠብ አለ። ሁለቱ ቫዮሊኖች ከተለያየ እትም አትመው መጡ። በአንዱ ኖታ ላይ ስለሩ (ኖታዎችን አያይዞ የሚያስጫውተው ቅስት) ረጅም ነው፣ ሙሉ ባር ይይዛል። በሌላው ሁለት ሁለት ኖታ ነው። ሁለቱም «ሞዛርት የጻፈው የእኔ ነው» ይላሉ። ማን ነው ልክ?

እኔ ያሰብኩት የአራቱን ኖታ በሚውዝስኮር (በኖታ መጻፊያው ፕሮግራም) ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጌ ወደ ቢ ፍላት ሜጀር ላወጣው ነው። የራሴን እንዳለ እነፋለሁ። ኃጢአት ይሆናል?

ቪዮላ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ ኃጢአትስ አይደለም። ግን መጀመሪያ አራቱን ሰዎች ጠይቂያቸው። ኤ ሜጀር ላይ ኤ፣ ኢ እና ዲ ክፍት ክሮች ናቸው። ባትነኪያቸውም ያስተጋባሉ። ቢ ፍላት ላይ ያ ድምቀት ይደበዝዛል።

እሱስ ይሁን። ጉዱ ያለው ሚኑዌቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ትሪዮ (በሚኑዌቱ መሃል የሚገባው ክፍል) ኤ ማይነር ነው፣ ክላሪኔት የለበትም። ከፍ ካደረግሽው ቢ ፍላት ማይነር ይሆናል። አምስት ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ምልክት)! ክላሪኔቷ እግሯን አነባብራ በተቀመጠችበት ክፍል፣ ለክላሪኔቷ ሲባል አምስት ፍላት። ጓደኞችሽ ቤትሽ የሚመጡት ለቡናው ካልሆነ በቀር አይመለሱም።

የመጨረሻው ክፍል ሦስተኛ ቫሪዬሽንም ኤ ማይነር ነው። እሱ የእኛ የቪዮላዎች ነው፤ ግማሽ ሰዓት አጅበን አጅበን ዜማውን የምንይዘው እዚያ ነው። ስለዚህ «ቪዮላውን ዝም ብለን እንለፈው» እንዳትሉ፣ እለምናችኋለሁ።

ከፍ ማድረግሽ አንድ ጥቅም አለው፤ እሱን አልክድም። የቪዮላው ኤፍ ሻርፕ ከፍ ሲል ጂ ይሆናል። ጂ ደግሞ የቫዮሊን ክፍት ክር ነው። ከዚያ በታች ያለው ግን ያው ችግሩ እንዳለ ነው።

በምንም ዓይነት ክፍሉን ሙሉ በሙሉ አንድ ኦክታቭ አታውጡት። ከሁለተኛው ቫዮሊን በላይ ይወጣና መሃሉ ባዶ ይቀራል። ቁጭ ብለሽ ከጂ በታች የወረዱትን ብቻ ቁጠሪ፤ የሒሳብ አስተማሪ አይደለሽ? አጃቢ ኮርድ ከሆነ ከዚያው ኮርድ ሌላ ድምፅ ስጪው። ዜማ ከሆነ ሐረጉን ከመነሻው አንሺው፤ መሃል ላይ ዘሎ የሚወጣ ዜማ ያስቃል። ለክሌፉ አትጨነቂ፣ ሚውዝስኮር በአንድ ጠቅታ ይቀይረዋል።

ቫዮሊን ላይ የሚታሰር የቪዮላ ክርም አለ። ሲ ክሩ ትንሽ ይታፈናል፣ ግን ይሠራል።

ኖታ አክባሪ፦
እኔ አልስማማም። መሣሪያው ከሌላችሁ ሌላ ሥራ ተጫወቱ። የሞዛርት ኬግልሽታት ትሪዮ ለቢ ፍላት ክላሪኔት የተጻፈ ነው። የሊቅ ሥራ እንደ ልብስ አይጠብም፣ አይሰፋም።

ቪዮላ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ እሱም እኮ ቪዮላ ይፈልጋል። ፒያኖ ደግሞ ተጨማሪ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኘኝ። ጣቴ በስልክ ላይ ቀርፋፋ ነውና በሁለት ቀን ነው የጻፍኩት።

ስለ ጠቡ ልጀምር። ሁለቱም ቫዮሊኖች ልክ አይደሉም፤ ማንም «ይኸው የሞዛርት እጅ» ማለት አይችልም። የእጅ ጽሑፉ ጠፍቷል። ሞዛርት ሥራውን የጨረሰው እ.ኤ.አ. መስከረም 1789 ነው። የጻፈው ለጓደኛው ለአንቶን ሽታድለር ነው። የሽታድለር ክላሪኔት እንደ ዛሬው አልነበረም፤ ባሴት ክላሪኔት ይባላል፤ ከታች አራት ግማሽ ድምፅ ተጨምሮለታል። ሞዛርት ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1802፣ ኦፈንባክ ያለው አንድሬ ማተሚያ ሲያወጣው ለተራው ክላሪኔት በሚስማማ መልኩ ነው። ወደ ታች ሊወርዱ የነበሩ ሩጫዎች መሃል ላይ ወደ ላይ ተቆልምመዋል ተብሎ ይታመናል።

ስለዚህ፣ ኖታ አክባሪ ሆይ፣ መላው ዓለም የሚጫወተው «ኦሪጅናል» ራሱ የጠበበ ልብስ ነው።

የእጅ ጽሑፎቹ የት ገቡ? የሞዛርት ሚስት ኮንስታንስ በ1800 ለአንድሬ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ሽታድለር «ሻንጣዬ ከነኖታው ተሰረቀ» እንደሚል፣ ሌሎች ግን በ73 ዱካት አስይዞት ነው እንደሚሉ ትናገራለች። የሙዚቀኛ ኪስ ያኔም እንደዛሬው ነበር።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? የሳልዝቡርግ ሞዛርቴዎም የተባለው ድርጅት ሙሉውን የሞዛርት እትም ከ2006 ጀምሮ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። ስኮሩን (የአምስቱም ኖታ በአንድ ላይ ያለበትን) ክፈቺና ሁለቱን ኖታዎች ከእሱ ጋር አስተያዪ። በሱ ላይ የሌለ ረጅም ስለር፣ እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ ምልክት ካየሽ፣ ባመዛኙ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አራሚ እጅ ነው። በእርሳስ ክበቢው። አትሰርዢው፤ አንዳንዴ ጥሩ ሐሳብ አለው።

ግማሽ ድምፅ ማንሳትንም አትፍሪ። ቤትሆቨን በ1802 አካባቢ የራሱን የፒያኖ ሶናታ፣ ኦፐስ 14 ቁጥር 1ን፣ ለአራት ባለ ክር መሣሪያ (ለኳርቴት) ሲያዘጋጅ ከኢ ሜጀር ወደ ኤፍ ሜጀር አንስቶታል። ኤፍ ላይ የቪዮላና የቼሎ ክፍት ሲ ክር ይሠራል። ያነሳው ግን ለክሮቹ ጥቅም ነው። አንቺ በነሱ ኪሳራ ነው።

እኔ ብሆን እነሱን ኤ ሜጀር ላይ ትቼ ራሴ እሠቃይ ነበር። ለቢ ፍላት ክላሪኔት ቢ ሜጀር ይሆንብሻል፣ አምስት ሻርፕ። ላርጌቶው (ቀርፋፋው ሁለተኛ ክፍል) ኢ ሜጀር፣ አራት ሻርፕ። የታችኛው ኢ በተጻፈበት ቦታ መሣሪያሽ የሌለው ዲ ሻርፕ ይመጣብሻል። አንዳንድ የድሮ ክላሪኔቶች ለዚሁ ብለው ተጨማሪ የኢ ፍላት ቁልፍ ነበራቸው። የአባትሽን እስኪ እዪው።

የባንዲስቱ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወዲያው ከሳጥኑ አውጥቼ ቆጠርኩ። 17 ቁልፍ ነው፣ ተራው። ትንሽ ከፋኝ።

ትናንት ሁለቱንም ሞከርን። ቢ ፍላት ላይ ትሪዮውን ሲጀምሩ አንደኛ ቫዮሊናችን ስምንተኛው ባር ላይ ቆመና ዝም ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። እኔም ኖታውን ሰብስቤ አነሳሁ።

ስለዚህ ቢ ሜጀር እኔ ላይ ወደቀ። የግራ ትንሿ ጣቴ እስካሁን ታመኛለች። የሚጎድሉትን ዲ ሻርፖች አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጌ በቀይ እርሳስ አከበብኳቸው፣ በኋላ ኤ ክላሪኔት ባገኝ እንድመልሳቸው። ላርጌቶው ላይ ክሮቹ በሶርዲኖ (በድምፅ ማፈኛ) ስለሚጫወቱ ልጆቹ ሶርዲኖ ፍለጋ ሄደው ሁለት ብቻ አገኙ። ሌሎቹ ቀስ ብለው ተጫወቱ።

ስለሩ ላይ ሁለቱ ታርቀዋል። አሁን ሁለቱም የሚጣሉት ከእኔ ጋር ነው፣ ስኮሩን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ የቪዮላውን ክር እዚህ ጠይቄ አጣሁ። የገና ሰሞን ወደ አዲስ የሚመጣ ሰው ታውቂያለሽ?

ቪዮላ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አውቃለሁ። የቫዮሊኑን መጠን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ሙሉ ነው ወይስ ሦስት አራተኛ?