ውሻ ይዞ ውጭ ማደር፦ ፓርኩ ካልሆነ የት?

ከሆጤ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት ዓመት ውሻ አለኝ፣ 22 ኪሎ። ለጥምቀት ሰሞን ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ለማደር አስቤያለሁ። ስሜን ተራሮች በዚያ ወቅት ሰው በሰው ነው፤ ውሻም አያስገቡም። ከፓርኩ ውጭ፣ በሩ አጠገብ ብተክልስ? ካልሆነ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሳልርቅ የት ይሻለኛል? ማታስ ውጭ ልሰረው ወይስ አብሮኝ ይደር? ሚኒባስ ውሻ ስለማይጭን ኮንትራት መኪና እይዛለሁ።

ጦሳ ሥር፦
በሩ አጠገብ የሚለውን ተወው። ክልከላው ጥበቃዎቹን ደስ ለማሰኘት የወጣ አይደለም። ቀይ ቀበሮን የሚፈጀው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ባሌ ውስጥ በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛው ገደማ አለቁ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ቀበሮው ደግሞ የፓርኩ ወሰን የት እንደሆነ አያውቅም። የእኛው የወሎው ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክም ቀበሮ ስላለበት ነገሩ ያው ነው። በዚያ ላይ በሩ ላይ የጭነት በቅሎ ይሰለፋል፤ ውሻ አንዴ ከጮኸ በቅሎ ይደነብራል፣ የሰው ዕቃ ገደል ይገባል።

ሐይቅ የሚባለው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ይጨናነቃል። አርዲቦ ከሱ ከፍ ብሎ ያለ፣ ሰውም የማይበዛበት ሐይቅ ነው። እኔ ብጠየቅ አርዲቦን እላለሁ። ድንኳን ከመትከልህ በፊት የመሬቱን ባለቤት አስፈቅድ፣ ቀበሌውንም አሳውቅ፣ ከዚያው አካባቢ አንድ የሌሊት ዘብ በክፍያ ያዝ። ወደ ሐይቅ ከሄድክ ግን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል ውሻ ይዘህ አትጠጋ።

ኮምቦልቻ 03፦
አርዲቦ ጥሩ ነው። ውሻ ግን ውጭ ታስሮ ነው ማደር ያለበት፤ ሌባም ጅብም ሲመጣ ይጮህልሃል።

የከብት ሐኪም፦
ኧረ በፍጹም! የታሰረ ውሻ ለጅብ የቀረበ እራት ነው። ግቢ ውስጥ ያለ ውሻ አጥር አለው፣ ሰው አለው፤ ሜዳ ላይ በሰንሰለት የተያዘ ግን መሸሽም መታገልም አይችልም። ነብር ካለ ደግሞ ከከብት በፊት የሚያየው ውሻን ነው። ከመሸ በኋላ ድንኳን ውስጥ አስገባው፣ ከሥሩ ስፖንጅ አንጥፍለት፤ የጥር ብርድ የሚገባው ከመሬት ነው። አጥንትና የተረፈ ምግብ መኪና ውስጥ ቆልፍ።

አሁን ወደ ክትባቱ። የእብድ ውሻ ክትባት በየዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ አንድ ወር ሳይሞላው አትጓዝ፤ ሰውነቱ መከላከያውን ገና አላመረተም። የዲስተምፐር (ሌላ ከውሻ ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው) ክትባቱንም ጠይቅ። የክትባት ደብተሩን ይዘህ ሂድ፤ ሰው ከነከሰ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሱን ነው። የተነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ውሻው 10 ቀን ታስሮ ይታያል። «የተከተበ ነው» ብሎ መተው የለም።

የወጥ ትራፊ አትስጠው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ውኃ ለ22 ኪሎ ውሻ በቀን ከ1 ሊትር በላይ ያዝ፤ ወደ ቆላው ከወረዳችሁ እጥፍ።

ማታ ማታ ጆሮውን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መሐል ዳብስ። መዥገር ካገኘህ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳብ። ጋዝ አትቀባው፤ መዥገሩ ሲጨነቅ የዋጠውን መልሶ ቁስሉ ውስጥ ይተፋዋል።

ሐይቅ ዳር፦
ያልተነሳ ነገር፦ የሰው ውኃ። የሙስሊም ቤተሰብ ዕቃ ውሻ ከላሰው ሰባት ጊዜ ሊታጠብ ነው። ስለዚህ ለውሻው የራሱ ሳሕን ይኑረው፣ ምንጭ ላይ በሰው ጀሪካንና ባልዲ እንዳትቀዳለት። የእረኛ ውሾች ከከበቡህ አትሩጥ፤ ጎንበስ ብለህ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ሁን፣ አብዛኞቹ ከዚያ አያልፉም። የራስህን ግን አሳጥረህ ያዘው።

ከሆጤ፦
ተባረኩ። ቀን ቀን ሳበስል የት ልሰረው? ዛፍ ላይ ሳስረው እየዞረ ገመዱን ይጠመጥማል።

የከብት ሐኪም፦
በአንድ ዛፍ ላይ አትሰረው። ስምንት ሜትር ገደማ የሚራራቁ ሁለት ዛፎች ፈልግ፣ ገመዱን በራስህ ቁመት ልክ አጥብቀህ ወጥር። ከመወጠርህ በፊት የብረት ቀለበት አስገባበት፣ የውሻውን ማሰሪያ ከቀለበቱ አያይዘው። ዋናው ነገር ከየግንዱ በሁለት ሜትር ከግማሽ ላይ ወፍራም ቋጠሮ መቋጠር ነው፤ ቀለበቱ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ውሻው ግንዱን መዞር አይችልም። ማሰሪያው ውሻው ሲተኛ መሬት የሚያስነካው ያህል ይርዘም፣ ከዚያ አይለፍ። አንገቱ ላይ ሳይሆን በደረቱ በሚያልፍ ቀበቶ ያዘው። ምድጃውን ማሰሪያው ከሚደርስበት ሁለት እርምጃ አርቀህ ጣድ።