ያገለገለ ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ሴዳን፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ገዢ ነኝ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እስቲ ተከራከሩልኝ። 6 ዓመት ያገለገለ ቢኤምደብሊው 530ኢ ላይ ዓይኔ አርፏል፣ ፕለግ ኢን ነው፣ ማለትም የቤንዚን ሞተርም ከሶኬት የሚሞላ ባትሪም ያለው፣ ባለ 12 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው። መኪናው ልብ ይሰርቃል፣ ዋጋውም ቤንዚን ብቻ ከሚጠቀመው ወንድሙ ብዙ አይርቅም። ግን የማማክረው ሰው ግማሹ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ ይለኛል፣ ግማሹ የሰው ጣጣ ልትሸከም ነው ይለኛል። ትናንት ሄጄ ሳየው የኋላ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የቻርጅ ገመዱ ቦርሳው ውስጥ ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል፣ ማሰሪያው እንኳን አልተፈታም። 6 ዓመት ሙሉ! ሻጩ ገመዱ አዲስ ነው ብሎ እንደ ጥሩ ነገር ነገረኝ፣ እኔ ግን ልደሰት ወይ ልፍራ አላወቅኩም።

ቤንዚን ይበቃል፦
ወንድሜ መልሱን እኮ አይተኸዋል። ያ መኪና የድርጅት መኪና ነበር ማለት ነው፣ ግብር ስለሚቀንስ ተገዝቶ አንድ ቀን ሳይሰካ በቤንዚን የተነዳ። ወረቀቱ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር እንኳን አይሞላም ይልሃል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ከመኪኖቹ ከራሳቸው የተሰበሰበ መረጃ አውጥቶ ነበር፣ ፕለግ ኢኖች መንገድ ላይ የሚያወጡት ካርቦን በአማካይ ላብራቶሪ ውስጥ ከተለካው 3 ተኩል እጥፍ ነው። 3 ተኩል እጥፍ! የሕዝብ ገንዘብ ለድጎማ የወጣው ለዚህ ነው እንዴ? ጀርመን በ2022 መጨረሻ ለነሱ የምትሰጠውን ድጎማ አቁማለች፣ እንግሊዝ ደግሞ በ2018። እኔ በበኩሌ ከመጀመሪያውም መሰጠት አልነበረበትም ባይ ነኝ።

3 ዓመት የነዳሁት፦
ቆይ ወንድሜ፣ አማካይ ብቻ ይዘህ አትሩጥ። በ2022 አይሲሲቲ የተባለው የትራንስፖርት ጥናት ድርጅት እና የጀርመኑ የምርምር ተቋም ፍራውንሆፈር ያወጡት ጥናት የግል እና የድርጅት ብሎ ለይቶታል፣ የግሎቹ በ100 ኪሎ ሜትር ከ4 እስከ 4.4 ሊትር፣ የድርጅቶቹ ከ7.6 እስከ 8.4። መኪናው ያው መኪና ነው፣ ሰውየው ነው የተለየው። ነዳጁን ሌላ ከከፈለለት ለምን ብሎ ገመድ ይጎትታል? እኔ ሥራ ቦታዬ 18 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማታ በሬ ላይ እሰካለሁ ጠዋት ሞልቶ አገኘዋለሁ፣ ከሰኞ እስከ አርብ ሞተሩ ሲነሳ አልሰማም ማለት ይቻላል፣ ረጅም መንገድ ስወጣ ደግሞ ቻርጀር የት አለ ብዬ አልጨነቅም። ይሄን የሚሰጠኝ ሌላ መኪና አላውቅም። ድጎማውም ቢሆን ስህተቱ መሰጠቱ አይደለም፣ ይሰካ አይሰካ ሳይታይ መሰጠቱ ነው።

ቤንዚን ይበቃል፦
እሺ አንቺ በርሽ ላይ ሶኬት አለሽ። ፎቅ ላይ የሚኖር፣ መንገድ ዳር የሚያቆምስ? ደግሞ ባትሪውን ተሸክመሽ ነው የምትዞሪው፣ የ530ኢ የኋላ ዕቃ መጫኛ 410 ሊትር ነው፣ የተራው 530 ሊትር። የነዳጅ ሰልባቲዮውም 46 ሊትር ብቻ። ያልሞላ ባትሪ ይዞ መሄድ ድንጋይ ጭኖ መሄድ ነው።

3 ዓመት የነዳሁት፦
ሶኬት የሌለው አይግዛ፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም። እኔም ለእህቴ ቤት ስትቀይሪ ግዢ ብያታለሁ።

መካኒክ፦
ሁለታችሁም ስለ ነዳጅ ነው የምታወሩት፣ ልጁ የጠየቀው ግን ያገለገለ ስለመግዛት ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው እነዚህ መኪኖች ላይ ግማሽ እውነት ነው የሚናገረው፣ 120 ሺህ የሚለው ስንቱ በሞተር ስንቱ በባትሪ እንደሆነ አታውቅም። ገመዱ ያልተፈታው ባትሪው ብዙም አልደከመም፣ ሞተሩ ግን ወደ 2 ቶን የሚጠጋ አካል ብቻውን ሲጎትት ኖሯል፣ ስለዚህ የዘይት ቅያሬውን ደረሰኝ በደረሰኝ ማየት ነው። በየቀኑ የተሰካው ደግሞ በግልባጩ ነው። ትንሽ ባትሪ ቶሎ ቶሎ ይሞላል ይራገፋል፣ በአንድ ሙሌት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር በባትሪ ለመሄድ 2,500 ጊዜ መሙላት አለበት፣ በአንድ ሙሌት 400 የሚሄድ ሙሉ ኤሌክትሪክ ያንኑ መንገድ በ250 ይጨርሰዋል። አምራቾቹ ይሄን ስለሚያውቁ ከባትሪው ከላይም ከታችም የማይነካ ክፍል ይተዋሉ፣ ቢሆንም ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የተሰካው ሞተሩ አርፏል ብላችሁም አትታለሉ። በባትሪ ሲሄድ ቆይቶ ሹፌሩ ለመቅደም ድንገት ሲረግጥ ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሳና በዚያው ቅጽበት ጉልበት ይጠየቃል። አጭር አጭር እየተነሳ ሲጠፋ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል። ስለዚህ ዘይት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዓመት ነው የሚቀየረው። የፍሬን ዲስኩንም እዩት፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ በጄኔሬተርነት መኪናውን ስለሚያዘገየው ፍሬኑ ብዙ አይነካም፣ ሳይነካ ይዝጋል። እጄ ላይ አንድ መጥቶ ነበር፣ ሸራው አዲስ ነው ማለት ይቻላል፣ የኋላ ዲስኩ ግን ከውስጥ በኩል ዝገት በልቶት እንደ ቅርፊት ይላጣል።

ሌላው ኤሲው። 530ኢ ላይ ባትሪው የሚቀዘቅዘው በኤሲው ጋዝ ነው፣ ኤሲ አይሠራም ግን ቀላል ነው የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ቀላል አይደለም፣ ሂድ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ገመዶች ደግሞ ያልሠለጠነ እጅ እንዳይነካቸው፣ ይሄን ስለ ገንዘብ አይደለም የምለው፣ ስለ ነፍስ ነው።

ገዢ ነኝ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ባትሪውን በምን ልየው? ዳሽቦርዱ ላይ 38 ኪሎ ሜትር ይላል።

መካኒክ፦
ያንን ቁጥር ተወው ልጄ፣ የመጨረሻው ሹፌር እንዴት እንደነዳ ነው የሚነግርህ። ባትሪው እስኪያልቅ ንዳው፣ ከዚያ ኃይል የሚለካ ቆጣሪ ሶኬቱ ላይ አድርገህ እስኪሞላ ቻርጅ አድርገው። ከ12ቱ የምትጠቀምበት 10 ገደማ ነው፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ሲጨመር ቆጣሪው 11 ምናምን ካሳየህ ደህና ነው፣ 8 ካለህ ግን ለሻጩ አሳየውና ዋጋ ላይ ተነጋገሩ። ቢኤምደብሊው በ2020 ባትሪው ውስጥ በምርት ጊዜ የገባ ቆሻሻ ሾርት ሊፈጥር ይችላል ብሎ ብዙ ፕለግ ኢኖቹን ጠርቶ ነበር፣ እስኪታዩ ቻርጅ አታድርጉ ብሎ። ያንተ መኪና ዕድሜ እዚያው አካባቢ ነው፣ በሻንሲ ቁጥሩ ተጠርቶ እንደሆነ ከተጠራም እንደተሠራ አጣራ። የባትሪ ዋስትናውንም አንዳንዱ 8 ዓመት ነው አንዳንዱ 6፣ ያንተው የቱ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡህ።

ቤንዚን ይበቃል፦
እኔ አሁንም አልገዛውም። ግን ከገዛህ የጋሼን ነገር ሳታደርግ እንዳትፈርም።

ገዢ ነኝ፦
ለሻጩ ደወልኩለት። አንድ ሌሊት እኔ ቤት ይደር፣ እኔ ልሰካው አልኩት፣ ትንሽ ዝም ብሎ እሺ አለኝ። ገመዱን እንግዲህ እኔ ነኝ ከፕላስቲኩ የማወጣው፣ ጠዋት ቆጣሪው ያለውን እዚሁ እጽፋለሁ።