የምግብ ነክ ትምህርቶች መምህራን ምን ሥልጠና ይጎድላቸዋል? የሰሜን ሸዋ አባላት የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፣ ደብረ ብርሃን፦ ውድ ባልደረቦች፣ ረቂቁ ደርሷችኋል። መጠይቁን በየወረዳው በትነን፣ መልሱን አጠናቅረን ሥልጠናውን በክረምት እንስጥ ይላል። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

መምህርት፣ መሐል ሜዳ፦ «ሥልጠና ያስፈልግዎታል?» የሚለው ጥያቄ ይውጣ። አያስፈልገኝም የሚል መምህር አይገኝም፤ ሥልጠና ማን ይጠላል? መምህሩ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር እንየው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን እናስተምራለን፤ ያ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። እኛ ዘንድ መንዝ ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ወደ 96 ይጠጋል። ባቄላው መንዝ ላይ ለምን እንደሚዘገይ ልጆቹ በእናታቸው ምድጃ ዘወትር ያዩታል። ይህን ከትምህርቱ ጋር ማገናኘት የሚችለው ስንቱ ነው? መጠይቅ ይህን አያወጣውም።

መምህር፣ እነዋሪ፦ እህታችን ያነሡት ልቤን ነክቶታል። በእኛ አካባቢ ጓያ ይዘራል። ዝናብ ሲቀር ሌላው ሰብል ጠፍቶ እርሱ ይተርፋል፤ አደጋውም ያን ጊዜ ነው፤ ለሳምንታት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ከያዘም አይለቅም። አንድ ተማሪ «ሽባ የሚያደርገው እንፋሎቱ ነው» ሲለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን እንደሚቀንስ፣ ፈጽሞ ግን እንደማያጠፋው የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ እንኳ መጠይቁን ብሞላ «ጓያ» ብዬ አልጽፍም ነበር፤ የማያውቁትን እንዴት ይጠይቃሉ? ስለዚህ አጭር የተግባር ጥያቄ ይጨመር።

ገንዘብ ያዥ፣ ሸዋ ሮቢት፦ እስማማለሁ፤ ሁሉንም ትምህርት ቤት ለመጎብኘት ግን አቅም የለንም። ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ ጥቂት እንምረጥ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ይይ፣ ወጪው የመጓጓዣ ብቻ ይሆናል። ሌላው፣ የሥልጠና ጉድለትና የዕቃ ጉድለት በየዓምዳቸው ይጻፉ። ውሃ በሌለበት ግቢ የምግብ ንጽሕናን በተግባር አላሳየም ተብሎ መምህሩ ሥልጠና ይጎድለዋል ሊባል አይገባም። የዕቃው ጥያቄ ለወረዳው ይቅረብ።

መምህርት፣ መሐል ሜዳ፦ ይህን ሳይጽፉ እንዳያልፉ እለምናለሁ፦ የሚታየው ነገር ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና አይሄድም። መምህሩ ነጥብ ይያዝብኛል ብሎ ከጠረጠረ የተለማመደውን ትምህርት ያሳየናል፤ ጉድለቱንም ይሸሽገዋል።

ሰብሳቢ፣ ደብረ ብርሃን፦ ተቀብያለሁ፤ በመግቢያው አንቀጽ ላይ ይሰፍራል። መጠይቁ ወደ አንድ ገጽ ይጠር። የምልከታ ቅጹን የመሐል ሜዳዋ መምህርት፣ የተግባር ጥያቄዎቹን የእነዋሪው መምህር ያዘጋጁልን። የሸዋ ሮቢት ባልደረባችን የጉዞ ወጪውን ያስሉ። ለትምህርት መምሪያው የምናቀርበው እነዚህ ሲሟሉ ነው።